ስለ ኤሌክትሪክና መግነጢሳዊ መስኮች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዚህ ገጽ «ጉልበት» ስንል መግፋትን ወይም መሳብን ማለታችን ነው፤ «ኃይል» የሚለውን ቃል ሥራ ለሚያሠራው አቅም ትተነዋል።

የኤሌክትሪክ ሙል ምንድን ነው?

ሙል የቁስ አካል መሠረታዊ ጠባይ ነው። መጠነ ቁስ ያላቸው ነገሮች በስበት እንደሚሳሳቡ ሁሉ፣ ሙል ያላቸው ነገሮችም በኤሌክትሪክ ጉልበት ይሳሳባሉ ወይም ይገፋፋሉ። ስበት መሳብን ብቻ ያውቃል፤ ሙል ግን ሁለት ዓይነት ነው፣ አዎንታዊና አሉታዊ። ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ፣ ተቃራኒዎቹ ይሳሳባሉ። በአቶም አስኳል ውስጥ ያሉት ፕሮቶኖች አዎንታዊ፣ በአስኳሉ ዙሪያ ያሉት ኤሌክትሮኖች ደግሞ አሉታዊ ሙል አላቸው፤ የሁለቱ መጠን ግን እኩል ነው።

የሙል መለኪያ ኩሎምብ ይባላል። 1 ኩሎምብ ለማግኘት 6.24 ቢሊዮን ቢሊዮን ያህል ኤሌክትሮኖች መሰብሰብ አለባቸው። የሙል ድምር አይጨምርም፣ አይቀንስም። ፊኛን በሱፍ ስንፈትግ ሙል የፈጠርን ይመስለናል እንጂ ያደረግነው ኤሌክትሮኖችን ከአንዱ ወደ ሌላው ማሻገር ብቻ ነው፤ አንዱ ያገኘውን ያህል ሌላው አጥቷል።

«አሉታዊ» ሙል የሚጎድለው ነገር አለ?

ምንም የለም። ስሞቹን በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ነው፤ ኤሌክትሮን የሚባል ነገር መኖሩ ከመታወቁ ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ማለት ነው። ስሞቹን ገልብጦ ቢሰይማቸው ኖሮ ከተፈጥሮ ሕግ አንዲት ነጠላ ነገር አትለወጥም ነበር። የተረፈን ጣጣ ግን አለ፦ በሽቦ ውስጥ የሚጓዙት ኤሌክትሮኖች አሉታዊ ሆነው ስለተገኙ፣ በመጽሐፍ ላይ የምንስለው የኤሌክትሪክ ፍሰት አቅጣጫ ከኤሌክትሮኖቹ ጉዞ ተቃራኒ ነው። ተማሪዎች በዚህ ግራ ቢጋቡ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም።

መስክ ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ሙል የያዘ ነገር ባለበት ስፍራ ዙሪያው እንደ ቀድሞው ባዶ አይደለም። በየነጥቡ «እዚህ ላይ ሌላ ሙል ብታስቀምጡ ይህን ያህል ጉልበት፣ በዚህ አቅጣጫ ያርፍበታል» የሚል ዝግጁነት አለ። መስክ የምንለው ይህንን ነው። የነፋስ ካርታ አስቡ፤ በካርታው እያንዳንዱ ነጥብ ላይ አቅጣጫና ብርታት የሚያሳይ ቀስት አለ፣ ጀልባ ኖረም አልኖረም። የኤሌክትሪክ መስክም የሚገፋው ነገር ኖረም አልኖረም በቦታው አለ።

ሐሳቡን ያመነጨው ማይክል ፋራዳይ ነው። በልጅነቱ የመጽሐፍ ጠራዥ ረዳት ሆኖ ሲሠራ ያደገ፣ ሒሳብ እምብዛም ያልተማረ ሰው ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት ጉልበትን ከሩቅ ወደ ሩቅ፣ በመካከል ምንም ሳይኖር እንደሚዘል አድርገው ያሰሉ ነበር። ፋራዳይ ግን «በመካከል ያለው ስፍራስ ምን እየሆነ ነው?» ብሎ ጠየቀ። የዛሬው ፊዚክስ ከሞላ ጎደል የቆመው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ ጉልበት ምን ያህል ብርቱ ነው?

ሰው ከሚገምተው እጅግ በላይ። ሕጉን በ1785 በሙከራ ያረጋገጠው ፈረንሳዊው ሻርል ኩሎምብ ነው። በቀጭን ክር ላይ የተንጠለጠለ ዘንግ አዘጋጅቶ፣ ሙል ያላቸው ትናንሽ ኳሶች ሲገፋፉ ክሩ ምን ያህል እንደሚጠመዘዝ ለካ። የአንዱ ኳስ ሙል እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ እጥፍ ይሆናል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ግን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል፣ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ሲሆን ወደ አንድ ዘጠነኛ።

አሁን ቁጥር እናስገባበት። እያንዳንዳቸው 1 ኩሎምብ የያዙ ሁለት ኳሶች በ1 ሜትር ርቀት ብናስቀምጥ በ9 ቢሊዮን ኒውተን (ኒውተን የጉልበት መለኪያ ነው) ይገፋፋሉ። ይህ ከ900 ሺህ ቶን በላይ የሆነ ጭነት ክብደት ነው። ከስበት ጋር ለማነጻጸር ደግሞ የሃይድሮጅንን አቶም እንውሰድ፦ በፕሮቶኑና በኤሌክትሮኑ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ ጉልበት በመካከላቸው ካለው የስበት ጉልበት የሚበልጠው 2 ቁጥርን ጽፈን 39 ዜሮ ብናስከትልበት በሚገኘው ያህል እጥፍ ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳሰላ ተሳስቼ መስሎኝ ሦስት ጊዜ ደጋግሜዋለሁ። ትክክል ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ብርቱ ከሆነ ለምን አይሰማንም?

ሚዛኑ ፍጹም ሊባል በሚችል ደረጃ የተጠበቀ ስለሆነ ነው። በ1 ግራም ውኃ ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ሙላቸው ቢደመር 53 ሺህ ኩሎምብ ያህል ይሆናል። ከጎናቸው ግን በልኩ ያንኑ ያህል አዎንታዊ ሙል አለ። ከሩቅ ሲታዩ የአንዱ መሳብ የሌላውን መግፋት ያጠፋዋል፤ ውጤቱ ዜሮ ነው። ስበት ደካማ ሆኖ ሳለ ፕላኔቶችን የሚገዛው የሚያጠፋው ተቃራኒ ስለሌለው ብቻ ነው፤ እያደር ይደመራል እንጂ አይሰረዝም።

በፈተግነው ፊኛ ላይ የሚቀረው ሙል አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኩሎምብ አንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ነው። ሚዛኑ በዚህች ኢምንት መጠን ስትዛነፍ ነው ፀጉር የሚቆመው፣ ወረቀት የሚዘለው። ይህን ነገር ልብ በሉት፤ ከታች ስለ ማግኔት ስናወራ ተመልሰን እንመጣበታለን።

ማበጠሪያ ምንም ሙል የሌለውን ወረቀት እንዴት ይስባል?

ወረቀቱ ሙል የለውም ሳይሆን ያለው ሙል የተመጣጠነ ነው። ፀጉር ያበጠርንበት የፕላስቲክ ማበጠሪያ አሉታዊ ሆነ እንበል። ወደ ቁራጭ ወረቀት ሲቀርብ በወረቀቱ ሞለኪውሎች ውስጥ ያሉትን ኤሌክትሮኖች በትንሹ ወደ ማዶ ይገፋቸዋል። ከማበጠሪያው ፊት ለፊት ያለው ጎን በጥቂቱ አዎንታዊ፣ ከበስተጀርባ ያለው በጥቂቱ አሉታዊ ይሆናል። ቅርብ ያለው ጎን ይሳባል፣ ራቅ ያለው ይገፋል፤ ጉልበት በርቀት ስለሚቀንስ ግን መሳቡ ያሸንፋል።

ቀስ ብላችሁ ከተመለከታችሁ ሌላም ነገር ታያላችሁ። አንዳንዱ ቁራጭ ዘሎ ማበጠሪያውን ይነካና ጥቂት ቆይቶ በድንገት ተወርውሮ ይሄዳል። በነካበት ጊዜ ከማበጠሪያው ሙል ስለተቀበለ አሁን ሁለቱም አሉታዊ ናቸው፤ ይገፋፋሉ። በአንድ ማበጠሪያና በጥቂት ወረቀት የኩሎምብን ሕግ ሁለቱንም ገጽ ማየት ይቻላል። አየሩ ደረቅ ሲሆን ይበልጥ ይሠራል፤ እርጥበት ሙሉን ቶሎ ያፈሰዋል።

የመስክ መስመሮች በእርግጥ አሉ?

የሉም፤ መስኩ አለ እንጂ መስመሮቹ የእኛ ሥዕል ናቸው። በካርታ ላይ ያሉ የከፍታ መስመሮች በተራራው ላይ ተሰምረው እንደማይገኙ ማለት ነው። መስመሮቹ ተጠጋግተው ሲሳሉ መስኩ ብርቱ ነው፣ ተራርቀው ሲሳሉ ደካማ ነው። በማግኔት ላይ ወረቀት አድርገን የብረት ብናኝ ስንነሰንስ የሚታዩት ክሮችም መስመር ስለነበረ የተሠሩ አይደሉም፤ እያንዳንዷ ብናኝ ትንሽ ማግኔት ሆና ጎረቤቷን በጫፏ ስለምትስብ ነው የሚሰለፉት። በብናኞቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታም መስኩ እኩል አለ።

ቮልቴጅና የኤሌክትሪክ መስክ አንድ ናቸው?

አይደሉም። መስክ በአንድ ነጥብ ላይ የሚኖረውን ጉልበት ይነግረናል፤ ቮልቴጅ ደግሞ ሙል ከአንድ ነጥብ ወደ ሌላ ሲሄድ በያንዳንዱ ኩሎምብ ምን ያህል ኃይል እንደሚለቀቅ ወይም እንደሚፈጅ ይነግረናል። ቁልቁለትን ብናስብ ቮልቴጅ የሁለት ነጥቦች የከፍታ ልዩነት ሲሆን መስክ የዳገቱ ቀጥ ማለት ነው። ትንሽ የከፍታ ልዩነት በጣም አጭር ርቀት ውስጥ ከተጨመቀ ገደል ይሆናል።

ደረቅ አየር ሳይበጠስ የሚሸከመው መስክ በአንድ ሜትር 3 ሚሊዮን ቮልት ያህል ነው። ከዚያ ካለፈ አየሩ ራሱ አስተላላፊ ይሆንና ብልጭታ ይዘላል። ስለዚህ ምንጣፍ ላይ ተራምዳችሁ የበር እጀታ ልትይዙ ስትሉ 3 ሚሊሜትር የምታህል ብልጭታ ብትዘል በጣታችሁና በእጀታው መካከል 9 ሺህ ቮልት ገደማ ነበር ማለት ነው። የማይገድለን የተጠራቀመው ሙል እጅግ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ፍሰቱ ከመጀመሩ ያልቃል።

ማግኔት ብረትን እየሳበ መዳብን የማይስበው ለምንድን ነው?

እያንዳንዱ ኤሌክትሮን በተፈጥሮው ትንሽ ማግኔት ነው። በአብዛኛው ቁስ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ያጠፋል፣ ወይም ደግሞ አቅጣጫቸው ስለተዘበራረቀ ድምራቸው ዜሮ ይሆናል። በብረት፣ በኒኬልና በኮባልት ውስጥ ግን ጥንድ ያላገኙ ኤሌክትሮኖች አሉ፤ የአጎራባች አቶሞችም ኤሌክትሮኖች ወደ አንድ አቅጣጫ መዞርን ይመርጣሉ። በዚህ የተነሳ በብረቱ ውስጥ በሙሉ አንድ አቅጣጫ የያዙ ትናንሽ ሰፈሮች ይፈጠራሉ። ተራ ምስማር ማግኔት ያልሆነው ሰፈሮቹ እርስ በርሳቸው የተለያየ አቅጣጫ ስላላቸው ነው። ማግኔት ሲጠጋው ከማግኔቱ ጋር የተስማሙት ሰፈሮች ይሰፋሉ፣ ምስማሩም ራሱ ለጊዜው ማግኔት ሆኖ ይሳባል።

ሙቀት ይህን ሰልፍ ያፈርሰዋል። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ሲደርስ የአቶሞቹ መንቀጥቀጥ ስምምነታቸውን ስለሚያሸንፈው ማግኔት አይስበውም። ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሳባል።

ማግኔትን ለሁለት ብንቆርጠው ሰሜኑና ደቡቡ ይለያያሉ?

አይለያዩም። ሁለት ሙሉ ማግኔቶች እናገኛለን፤ እያንዳንዳቸው ሰሜንና ደቡብ ዋልታ ያላቸው። እስከ አንድ ኤሌክትሮን ድረስ ብንወርድም ያው ነው። ምክንያቱ ከላይ ያለው መልስ ውስጥ አለ፤ መግነጢሳዊነት በጫፎቹ የተቀመጠ ፈሳሽ ሳይሆን የኤሌክትሮኖች ጠባይ ስለሆነ በየቅንጣቱ ሁለቱም ጎን አለ። ፖል ዲራክ በ1931 ብቸኛ መግነጢሳዊ ዋልታ ቢኖር ከኳንተም ፊዚክስ ጋር እንደማይጋጭ አሳይቷል፤ ሆኖም ብዙ ተፈልጎ እስካሁን የተረጋገጠ ግኝት የለም።

የኮምፓስ ሰሜን ጫፍ ወደ ሰሜን ከተሳበ፣ የምድር ሰሜን ዋልታ ደቡብ ማግኔት ነው ማለት ነው?

አዎ፣ በትክክል። ተቃራኒ ዋልታዎች ናቸው የሚሳሳቡት፤ ስለዚህ በምድር ሰሜን አካባቢ ያለው መግነጢሳዊ ዋልታ በማግኔት ቋንቋ የደቡብ ዓይነት ነው። ነገሩ የተምታታው ሰዎች የመርፌውን ጫፍ በሚያመለክትበት አቅጣጫ ስለሰየሙት ነው። ምድር ራሷ ማግኔት መሆኗን በ1600 ያስረዳው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት ነበር።

በምድር መሐል ግን የማግኔት ዘንግ የለም፤ ሙቀቱ ከ770 ዲግሪ እጅግ ስለሚበልጥ ሊኖርም አይችልም። መስኩን የሚያመነጨው በውጨኛው እምብርት የሚገማሸረው የቀለጠ ብረት በውስጡ የሚያሳልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው። መስኩ በምድር ገጽ ላይ ከ25 እስከ 65 ማይክሮ ቴስላ ብቻ ነው፤ ቴስላ የመግነጢሳዊ መስክ ብርታት መለኪያ ሲሆን ማይክሮ ቴስላ የእሱ ሚሊዮንኛ ነው። ባለ 3 ቴስላ የኤምአርአይ የሕክምና መሣሪያ ከዚህ በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል። ዋልታዎቹም አንድ ቦታ አይረጉም፤ ቀስ እያሉ ይሄዳሉ፣ በረጅም ዘመን ውስጥም ፈጽሞ ይገለበጣሉ። የመጨረሻው መገለበጥ የደረሰው ከ780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው።

የኤሌክትሪክ ፍሰት ከማግኔት ጋር ምን አገናኘው?

ለብዙ ዘመን ሁለቱ የማይተዋወቁ ጉዳዮች ይመስሉ ነበር። በ1820 ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ ፍሰት በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የነበረ የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አየ። መርፌው ወደ ሽቦው አልተሳበም፣ ከሽቦውም አልሸሸም፤ ወደ ጎን ነው የዞረው። ምክንያቱም የሽቦው መግነጢሳዊ መስክ ሽቦውን እንደ ቀለበት ይከብበዋል። ወሬው ፓሪስ በደረሰ በሳምንታት ውስጥ አንድሬ ማሪ አምፔር ሁለት ፍሰት ያለባቸው ሽቦዎችም እርስ በርሳቸው እንደሚሳሳቡና እንደሚገፋፉ አሳየ።

ይህን በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ከኩሽና የአሉሚኒየም ወረቀት ሁለት ጠባብና ረጃጅም ቁራጮች ቁረጡ፤ በግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አራርቃችሁ ላላ አድርጋችሁ አንጠልጥሏቸው። ፍሰቱ በሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄድ አድርጋችሁ ከትልቅ ባትሪ ድንጋይ ጋር ለአንድ አፍታ ብታነካኳቸው ተንቀጥቅጠው ይቀራረባሉ። የአንዱን አቅጣጫ ብትገለብጡት ደግሞ ይራራቃሉ። ልብ በሉ፤ ተመሳሳይ ሙሎች ይገፋፋሉ፣ ተመሳሳይ አቅጣጫ ያላቸው ፍሰቶች ግን ይሳሳባሉ። ንክኪው ከአንድ ሴኮንድ አይብለጥ፤ ቁራጮቹም ባትሪውም ይግላሉ።

መግነጢሳዊ ጉልበት ለምን ወደ ጎን ይገፋል?

የኤሌክትሪክ መስክ ሙል ያለውን ቅንጣት በመስኩ መስመር ላይ ይገፋዋል፤ ቆሞም ይሁን እየሄደ። መግነጢሳዊ መስክ ግን የቆመውን ጨርሶ አይነካውም። የሚሄደውን ብቻ ነው የሚገፋው፣ እሱንም ለጉዞው አቅጣጫም ለመስኩም ቀጤ ነክ በሆነ አቅጣጫ። መጠኑ የሙሉ፣ የፍጥነቱና የመስኩ ብዜት ነው፤ ይህም ቅንጣቱ መስኩን አቋርጦ ሲሄድ ነው። በመስኩ መስመር ላይ ቢሄድ ምንም ጉልበት አያርፍበትም።

ሁልጊዜ ወደ ጎን የሚገፋ ጉልበት አያፈጥንም፣ አያዘገይም፤ ያጣምማል። ስለዚህ ወጥ በሆነ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የገባ ኤሌክትሮን ክብ ይሠራል፤ ወደፊት የሚሄድበትም ፍጥነት ካለው እንደ ጥምዝምዝ ምንጭ ሽቦ እየዞረ ይጓዛል። ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶች ልክ በዚህ መንገድ የምድርን መስክ ተከትለው ወደ ዋልታዎቹ አካባቢ ይወርዳሉ፤ ከአየሩ ጋር ሲጋጩ በሌሊት ሰማይ ላይ አረንጓዴና ቀይ የዋልታ ብርሃን ይታያል።

መግነጢሳዊ ጉልበት ሥራ አይሠራም ከተባለ ማግኔት ምስማርን እንዴት ያነሳል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ መምህራንም ሸሽተውት ያልፋሉ። «ሥራ አይሠራም» የሚለው ሕግ የሚናገረው በጉዞ ላይ ስላለ ሙል ነው። ጉልበቱ ለጉዞው ቀጤ ነክ ስለሆነ ለቅንጣቱ ኃይል አይጨምርለትም። የምስማሩ መግነጢሳዊነት ግን በአመዛኙ የሚመጣው ከኤሌክትሮኖች የተፈጥሮ ጠባይ ነው፤ ይህ ደግሞ የሚሽከረከር ትንሽ ሙል አይደለምና ሕጉ በቀጥታ አያርፍበትም።

ኃይሉ የሚመጣው ከመስኩ ነው። ማግኔቱና ምስማሩ ሲራራቁ በመስኩ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል ሲገናኙ ካለው ይበልጣል፤ ልዩነቱ ነው ምስማሩን የሚያነሳው። ድንጋይ ከዳገት ሲወርድ እንደሚሆነው ነው። ምስማሩን መልሳችሁ ስትነቅሉት በእጃችሁ የምታወጡት ኃይል ያንኑ ብድር መክፈል ነው፤ ለዚህም ነው ማግኔት ሺህ ጊዜ ቢያነሳ የማያልቅበት። በጥቅል ሽቦ በተሠራ የክሬን ማግኔት ከሆነ ደግሞ ጭነቱ ሲነሳ በሽቦው ውስጥ ፍሰቱን የሚቃወም ቮልቴጅ ይፈጠራል፤ ያንን ተቋቁሞ ፍሰቱን ለማስቀጠል ኃይሉን የሚከፍለው የኤሌክትሪክ ምንጩ ነው።

ማግኔት በመዳብ ቱቦ ውስጥ ሲወድቅ ለምን ይዘገያል? መዳብ በማግኔት አይሳብም ተብሎ አልነበረም?

አይሳብም፤ የሚያዘገየው ሌላ ነገር ነው። ፋራዳይ በ1831 ያገኘው ሕግ እንዲህ ይላል፦ መግነጢሳዊ መስክ ሲለዋወጥ በዙሪያው የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። ማግኔቱ ሲወርድ በእያንዳንዱ የቱቦ ክፍል ያለው መስክ ይለዋወጣል፤ በመዳቡ ግድግዳ ላይ ቀለበት ቀለበት እየሠሩ የሚዞሩ ፍሰቶች ይነሳሉ። ሄንሪክ ሌንዝ በ1834 እንዳስቀመጠው እነዚህ ፍሰቶች ሁልጊዜ የፈጠራቸውን ለውጥ ይቃወማሉ። ከማግኔቱ በታች ያሉት ወደ ላይ ይገፉታል፣ በላይ ያሉት ወደ ላይ ይስቡታል።

አንድ ሜትር በነፃ ለመውደቅ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅም። ብርቱ የኒዮዲሚየም ማግኔት በወፍራም የመዳብ ቱቦ ውስጥ ስትለቁ ግን ብዙ ሴኮንዶች ትጠብቃላችሁ። ከላይ በቱቦው ቀዳዳ አጎንብሳችሁ ብታዩ ማግኔቱ ግድግዳውን ሳይነካ፣ ማር ውስጥ እንደገባ ነገር ረጋ ብሎ ሲወርድ ይታያል። ቱቦውን በእጃችሁ ከያዛችሁት ደግሞ ማግኔቱ በሚወርድበት ጊዜ ሁሉ ክብደቱ በቱቦው በኩል ይሰማችኋል፤ መዳቡ ማግኔቱን ወደ ላይ ከገፋው ማግኔቱም መዳቡን ወደ ታች ይገፋዋልና። ከውድቀቱ የተረፈው ኃይል መዳቡን በጥቂቱ ያሞቀዋል። ጄኔሬተር ሁሉ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

ኤሌክትሮኖች ቀርፋፋ ናቸው ይባላል፤ ታዲያ አምፖል ወዲያው የሚበራው እንዴት ነው?

በእርግጥም ቀርፋፋ ናቸው። ውፍረቱ 1 ስኩዌር ሚሊሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ 1 አምፔር፣ ማለትም በሴኮንድ 1 ኩሎምብ፣ ሲያልፍ ኤሌክትሮኖቹ በአማካይ በሰዓት 26 ሴንቲሜትር ያህል ነው የሚጓዙት። አቅጣጫው በሴኮንድ 50 ዑደት በሚመላለስ ፍሰት ላይ ደግሞ ወደፊት የሚሄዱት ጉዞም የለም፤ ከፀጉር ውፍረት እጅግ ባነሰ ርቀት ወዲያና ወዲህ ይላሉ።

ነገር ግን ሽቦው ከመጀመሪያውም በኤሌክትሮኖች የተሞላ ነው፤ አምፖሉ ውስጥም አሉ። ማብሪያውን ስንጫን የሚጓዘው መስኩ ነው፣ እሱም ለብርሃን ፍጥነት በቀረበ ፍጥነት። መስኩ በደረሰበት ሁሉ ያሉት ኤሌክትሮኖች ባሉበት መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። ከማብሪያው የተነሳ ኤሌክትሮን እስኪደርስ የሚጠብቅ የለም።

መብረቅ ሲጥል መኪና ውስጥ መሆን የሚያድነው ጎማው ስለማያስተላልፍ ነው?

አይደለም። ኪሎሜትሮችን በአየር ውስጥ ያቋረጠን መብረቅ ጥቂት ሴንቲሜትር ጎማ አያስቆመውም። የሚያድነው በዙሪያችን ያለው የብረት አካል ነው። በአስተላላፊ ውስጥ ኤሌክትሮኖች እንደልባቸው ስለሚንቀሳቀሱ፣ ከውጭ የሚመጣውን የኤሌክትሪክ መስክ እስኪያጠፉት ድረስ ይደላደላሉ፤ ፍሰቱም በውጭው ገጽ ተንሸራቶ ወደ መሬት ይወርዳል። ፋራዳይ በ1836 ይህን ለማሳየት በብረት የተለበጠ ክፍል ሠርቶ ራሱ ገብቶበታል።

መግነጢሳዊ መስክን በዚህ መንገድ መከለል አይቻልም፤ የሚደላደል ብቸኛ መግነጢሳዊ ዋልታ የለምና። ማድረግ የሚቻለው መስኩ በቀላሉ የሚያልፍበትን ለስላሳ ብረት በዙሪያው አስቀምጦ መንገዱን ማስቀየር ነው።

ኤሌክትሪክና መግነጢሳዊ መስክ ሁለት ነገሮች ናቸው ወይስ አንድ?

አንድ ናቸው፤ የምናየው ገጽ ግን እኛ በምንሄድበት ፍጥነት ይወሰናል። ከፊታችሁ የቆመ ሙል ካለ የኤሌክትሪክ መስክ ብቻ ታያላችሁ። በአጠገቡ እየሮጣችሁ ብታልፉ ከእናንተ አንጻር ሙሉ ይንቀሳቀሳል፤ የሚንቀሳቀስ ሙል ፍሰት ነውና መግነጢሳዊ መስክም ታያላችሁ። ሙል በያዘው አካል ላይ የተለወጠ ነገር የለም። አልበርት አንስታይን በ1905 የአንጻራዊነትን ሐሳብ ያቀረበበትን ጽሑፍ የጀመረው በዚህ ጉዳይ ነበር፦ ማግኔቱ ቢሄድና ሽቦው ቢቆም፣ ወይም ሽቦው ቢሄድና ማግኔቱ ቢቆም የሚገኘው ፍሰት አንድ ሆኖ ሳለ የጊዜው ትምህርት ሁለት የተለያዩ ማብራሪያዎች መስጠቱ አልተዋጠለትም።

አሁን ወደ ሚዛኑ እንመለስ። ጎን ለጎን በሚሄዱ ሁለት ሙሎች መካከል ያለው መግነጢሳዊ ጉልበት ከኤሌክትሪኩ የሚያንሰው፣ ፍጥነታቸው ለብርሃን ፍጥነት ተካፍሎ ውጤቱ በራሱ ሲባዛ በሚገኘው መጠን ነው። በሰዓት 26 ሴንቲሜትር ለሚሄዱ ኤሌክትሮኖች ይህ ቁጥር ከነጥብ በኋላ 25 ዜሮዎች ያሉት ክፍልፋይ ነው። ይህን ያህል ኢምንት ጉልበት እንዴት የአሉሚኒየም ቁራጮችን ያንቀሳቅሳል? ኤሌክትሪካዊው ጉልበት በፕሮቶኖቹ አማካይነት ሙሉ በሙሉ ስለተሰረዘ፣ የተረፈው ይህ ብቻ ስለሆነና የኤሌክትሮኖቹ ብዛት ከግምት በላይ ስለሆነ ነው። ሞተርን የሚያዞረው፣ በክሬን ብረት የሚያነሳው መግነጢሳዊ ጉልበት ከዚያ ግዙፍ ጉልበት የሚዛን ሥር የተገኘ ቅንጣት ነው። ለእኔ በፊዚክስ ውስጥ ከዚህ የሚያስደንቅ ነገር የለም።

መስክ እውነተኛ ነገር ነው ወይስ ለስሌት የተፈጠረ ሐሳብ?

ሙሎች ቆመው ሳለ ይህን ጥያቄ መመለስ ያስቸግራል፤ ስሌቱ ያለ መስክም ይሠራል። ሲንቀሳቀሱ ግን ነገሩ ይለያል። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ1865 ባሳተመው ሥራው የፋራዳይን ሐሳብ በሒሳብ ቋንቋ አስቀመጠ። የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ መስክ መግነጢሳዊን፣ የሚለዋወጥ መግነጢሳዊ መስክ ኤሌክትሪክን እየወለደ በባዶ ሕዋ ውስጥ በሞገድ መልክ መጓዝ እንደሚችል አገኘ። ፍጥነቱን በቤተ ሙከራ ከተለኩ የኤሌክትሪክና የማግኔት ቁጥሮች ሲያሰላ ከብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመ። ሃይንሪክ ኸርትዝ ከ1887 ጀምሮ ባደረጋቸው ሙከራዎች ሞገዱን አመንጭቶ በክፍሉ ማዶ ተቀበለው።

ከምድር ወደ ጨረቃ የሬዲዮ ምልክት ስንልክ ለመድረስ 1.3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። የላኪው አንቴና ኃይሉን አውጥቶ ጨርሷል፣ የተቀባዩ አንቴና ኤሌክትሮኖች ገና አልተነቃነቁም። በመካከል ምንም ሙል የለም። በዚያች 1.3 ሴኮንድ ኃይሉ ያለው በመስኩ ውስጥ ነው።